በመስኮቱ ላይ የቀረው እርሾ

አንድ ሰሞን፣ ገና ሊደርስ ዐሥር ቀን ያህል ሲቀረው፣ በአንዲት የደጋ ከተማ አፀደ ሕፃናት ውስጥ አንዲት ልጅ ጥያቄዋ ጠፋባት። እርሳስና ኮፍያ የሚጠፋባቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ እናት ትቆጣለች፣ ዘበኛ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜም ይገኛል። ጥያቄ ሲጠፋ ግን ማን ይፈልጋል? እንዲያውም ቤቱ ጸጥ ስላለ ደስ የሚለው አይታጣም።

ልጅቷ እማዋይሽ ትባላለች። ቡሄ ላይ አምስት ዓመት ሞልቷታል። ጠዋት ከበር እስክትገባ አትጠብቅም፤ ከውጭ ጀምራ «ቲቸር፣ ዝንብ አያት አላት?» ትላለች። ደወል ሲደወል «ድምፁ ሲያበቃ የት ነው የሚሄደው?» ትላለች። ምሳዋን እየበላች፣ እጇን እየታጠበች፣ ጫማዋን እየታሰረላት ትጠይቃለች። መምህርቷ የሺመቤት ዐሥራ ሁለት ዓመት ሕፃናት ያስተማረች፣ ልጅ የምትወድ፣ ትዕግሥቷን ወላጆች ሁሉ የሚመሰክሩላት ሴት ናት። ጥያቄዋን ያጠፋችባትም እሷው ናት። ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ ታሪኩ አጭር ይሆን ነበር፤ ክፉ አለመሆኗ ነው ነገሩን የሚያስገርመው።

ነገሩ የጀመረው ከዳይሬክተሩ ነው። ኅዳር ላይ ክፍሉን ጎብኝተው፣ ሠላሳ ሁለቱን ልጆች አንድ በአንድ ካዩ በኋላ የሺመቤትን ወደ በሩ ጠሯት።

«እነዚህ በሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ክፍል ናቸው» አሏት። «እዚያ ደግሞ በአንድ ክፍል ስድሳ ልጅ ነው የሚቀመጠው። እንደዚች ልጅ ሁሉም እየተነሣ ከጠየቀ፣ መምህሩ ትምህርቱን መቼ ይጨርሳል? ዝም ብሎ መቀመጥን ከወዲሁ ያስለምዷቸው።»

የሺመቤት «እሺ» አለች። እውነትም ነው ብላ ነው ያለችው። ልጆቿ ነገ ስድሳ ሰው መሐል ገብተው እንዳይንገላቱባት ፈርታለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝምታን እንደ ፊደል ማስተማር ጀመረች። ሠላሳ አንዱ ቶሎ ለመዱ፤ አንዷ አልለመደችም።

የገና ዝግጅት ሲጀመር ደግሞ ሁሉም ነገር ተደበላለቀ። ልጆቹ ከብስኩት ካርቶን ኮከብ ይቆርጣሉ፤ ከጭቃ ላምና በግ ይሠራሉ፤ ከወላጆች የመጣ የጤፍ ጭድ በነጭ ወረቀት ላይ እየለጠፉ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ያበጃሉ። ሙጫው ከወረቀቱ ይልቅ ጣታቸውን ነው የሚያጣብቀው። ከግቢው የተቆረጠችው የጥድ ቅርንጫፍ በአሸዋ የተሞላ ጣሳ ውስጥ ቆማለች። እንደየዓመቱም የጥጥ ጥቅል ተፈቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ ትንሽ ትንሽ ቆንጥሮ ቅጠሏ ላይ ያስቀምጣል።

እማዋይሽ ጥጧን በሁለት ጣቷ ይዛ ቆመች።

«ቲቸር፣ ይሄ ጥጥ ምንድን ነው?»

«በረዶ ነው።»

«ክርስቶስ ሲወለድ በረዶ ዘንቦ ነበር?»

«እ... መሰለኝ።»

«ታዲያ እረኞቹ ውጭ ነበሩ ብለሽናል። አልመታቸውም?»

ልጆቹ ሳቁ። የሺመቤት አልሳቀችም።

«ደግሞ» አለች እማዋይሽ ቅርንጫፏን ነካ ነካ እያደረገች፣ «በረዶ እኮ ቅጠል ላይ አይጣበቅም። ባለፈው ክረምት አይቻለሁ። እየነጠረ ነው የሚወድቀው። ይሄ ለምን ተጣበቀ?»

የሺመቤት አፏን ከፈተች። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየገናው ጥጥ ስታስለጥፍ ኖራለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አስባው አታውቅም። እሷ በልጅነቷ ለጥፋለች፤ ያስለጠፈቻት መምህርትም በልጅነቷ ለጥፋ ይሆናል። አላውቅም ብትል ምንም አልነበረም። ግን ቀና ስትል ዳይሬክተሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሩ ላይ ቆመው አየቻቸው። ፊቷ ጋለ።

«በቃ!» አለች፤ ድምፏ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ሳልጠይቅሽ እንዳትጠይቂ! ሂጂ መስኮቱ ሥር ተቀመጪ። ዝም አይነቅዝም!»

እማዋይሽ አላለቀሰችም። ጥጧን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መስኮቱ ሥር ካለችው አግዳሚ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ዳይሬክተሩ ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። የሺመቤት ትንሽ ከፋት፤ ወዲያው ግን ሙጫ ፀጉሩ ላይ የደፋ ልጅ መጣና ረሳችው።

በማግስቱ የእማዋይሽ አባት አቶ ጓንጉል ሊወስዷት መጡ። ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ባልዲና ማንቆርቆሪያ የሚሠሩ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ሥራቸው የሚጮህ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ዝግ ብለው ነው የተናገሩት።

«መምህርት፣ ልጄን አሟት ነበር እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልሆነችም። ምነው?»

«ትናንት ከዚህ እስከ ቤት አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ሌላ ጊዜ ሃያ ደቂቃውን መንገድ ታደነቁረኛለች። ‹አንቺ ልጅ፣ ጆሮዬን ተይልኝ› እላታለሁ። ትናንት ዝም አለች፤ መንገዱ ረዘመብኝ።» ሳቅ ለማለት ሞከሩ። «እጄን ይዛ ነው የሄደችው። ግን ብቻዬን የምሄድ መሰለኝ።»

«እያደገች ነው» አለች የሺመቤት። «ለአንደኛ ክፍል እየተዘጋጀን ነው።»

አቶ ጓንጉል «እንዲያ ከሆነ እሺ» ብለው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። አባትና ልጅ በዝምታ በሩን ሲወጡ የሺመቤት በመስኮት አየቻቸው። ደስ አላላትም። ለምን ደስ እንዳላላት ግን ራሷን አልጠየቀችም፤ እሷም ከጠየቀች ብዙ ዓመቷ ነው።

የዚያ ዓመት በዓል ከሌላው የሚለየው በዳቦው ነበር። ሌላ ጊዜ ለወላጆች የሚቀርበው ድፎ ከዳቦ ቤት ይገዛል። ዘንድሮ ግን የሺመቤት ልጆቹ ራሳቸው ያቡኩት አለች። ዳይሬክተሩ ሲሰሙ ሳቁ።

«መምህርት፣ ‹ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም› ሲባል አልሰሙም?»

«ለራት አይደለም፤ ለገና ነው» አለቻቸው።

ታኅሣሥ ሃያ ስድስት ቀን ጠዋት ዱቄቱ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ጨውና ዘይቱ ተዘጋጀ፤ ጾም ስለሆነ ቅቤ የለም። ትልቁን የዳቦ መጋገሪያ ትሪ ከነክዳኑ የሠሩት አቶ ጓንጉል ናቸው። ኮባውን ያመጡት ደግሞ የግቢው ዘበኛ ጋሽ ቢተው ናቸው፤ እሳቱንም ከላይና ከታች የሚያነዱት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው የላኩትን እርሾም በክዳን በተገጠመ የወተት ጣሳ ይዘው መጥተዋል። የሺመቤት ጣሳውን ተቀብላ፣ ፀሐይ ይንካው ብላ፣ መስኮቱ ላይ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሠላሳ ሁለት ሕፃናትና አንድ ገበቴ ዱቄት ባንድ ላይ ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። አንዱ ዱቄት አፍንጫው ውስጥ ገብቶበት ያስነጥሳል። አንዷ ቀለበቴ ሊጥ ውስጥ ጠፋ ብላ ታለቅሳለች፤ ቀለበት እንዳልነበራት እናቷ በኋላ ተናገረች። አንዱ ደግሞ የጭቃ ላሙን ይዞ መጥቶ ሊጡን ሊያቀምሳት ይታገላል። የሺመቤት ውኃ ታፈሳለች፣ ጨው ትበትናለች፣ እጅ ታጥባለች፣ ትስቃለች። ከልቧ ደስ ብሏታል።

እማዋይሽ ተራዋ ደርሶ አቡክታ፣ እጇን ታጥባ፣ ማንም ሳያዛት መስኮቱ ሥር ተመልሳ ተቀምጣለች። የሺመቤት አንድ ጊዜ ቀና ስትል አየቻት። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ተመለከተች፤ ወደ ገበቴው ተመለከተች፤ እጇን በከፊል አነሣች፤ አፏን ከፈተች። ከዚያ የሺመቤትን አየችና አፏን ገጠመች። እጇንም አወረደች።

የሺመቤት «ጎበዝ!» አለች በልቧ። «ለመደች።» እንዲያውም ከሩቅ ፈገግ አለችላት።

እስከ እኩለ ቀን ሊጡ ኩፍ አላለም። ጋሽ ቢተው መጥተው በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«ብርዱ ነው» አሉ። «ታኅሣሥ መቼ ሊጥ ያስነሣል!»

ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት። ስምንት ሰዓትም ሆነ፤ ሊጡ ጋቢ ለብሶ እንደ ተኛ ሰው ጭራሽ አልተንቀሳቀሰም። ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት ሲወጣ ማየት አለባቸው ተብሎ፣ ኮባው ላይ ተደፋና እሳት ገባ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሠላሳ ሁለቱም ልጆች ግቢው ውስጥ በክብ ቆሙ። ጋሽ ቢተው ፍሙን ጠርገው ክዳኑን አነሡ። ኮባውን ገለጥ አደረጉ። ከሥሩ የወጣው ነገር የጫማ ሶል ያህል ውፍረት ነበረው። ጋሽ ቢተው በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረጉት፤ ልክ በር እንደሚያንኳኳ ሰው።

«‹ማነው?› አይልም እንዴ?» አለ አንድ ልጅ።

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ቢተው ግን ነገሩ ስላልገባቸው የባለቤታቸውን ጣሳ ፍለጋ ወደ ክፍሉ ገቡ። ትንሽ ቆይተው ተመለሱ። እርሾው በሙቀቱ ገንፍሎ ክዳኑን ገፍቶታል፤ በጣሳው ጎን ወርዶ እጃቸው ላይ ይንጠባጠባል።

«መምህርት» አሉ፣ «እርሾውስ ኩፍ ብሏል። ሊጡ ውስጥ ሳይገባ ነው እንጂ።»

የሺመቤት በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። ከዚያም ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ወደ ልጆቹ ዞረች።

«ይሄን ጣሳ መስኮቱ ላይ ያየ አለ?»

አንዲት እጅ ወጣች። የእማዋይሽ።

«አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«መቼ?»

«ስናቦካ።»

«ታዲያ የኔ እናት፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

እማዋይሽ ግራ የገባት ትመስል ነበር። «ሳልጠይቅሽ እንዳትጠይቂ ብለሽኛል።»

«ይሄ እኮ ጥያቄ አይደለም፤ መናገር ነው።»

«እኔ ‹ቲቸር፣ እርሾውን ለምን አላስገባሽውም?› ልልሽ ነበር» አለች እማዋይሽ። «እሱ ጥያቄ ነው።»

የሺመቤት ያቺን ከፍ ብላ የወረደች ትንሽ እጅ አስታወሰች። ፈገግ ማለቷን አስታወሰች። ከሁሉ የባሰ ያቃጠላት ፈገግታዋ ነው።

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች» አሉ ጋሽ ቢተው እጃቸውን በጭድ እየጠረጉ። «እውነታቸውን ነው፤ አይነቅዝም። ግን ኩፍም አይልም።»

በማግስቱ ወላጆች መጡ። ኮከቦቹ ተሰቅለዋል፤ የጭቃ ላሞቹ ተሰልፈዋል፤ ካርዶቹ በየወላጁ እጅ ናቸው። ያ ሶል የመሰለ ዳቦም መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሌላ ዳቦ መግዛት ይቻል ነበር፤ ዳይሬክተሩም መክረዋት ነበር። የሺመቤት እንቢ አለች።

«ሰው ይመክራል፤ ልጅ ያቦካው...» ብለው ዳይሬክተሩ ሲጀምሩ አላስጨረሰቻቸውም።

«ልጆቹ ደኅና አድርገው ነው ያቦኩት» አለች፣ ወላጆች ሁሉ እየሰሙ። «እርሾውን የረሳሁት እኔ ነኝ። አንዲት ልጅ አይታ ነበር፤ እንዳትጠይቅ አፏን የዘጋሁባትም እኔ ነኝ። እማዋይሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አቶ ጓንጉል፣ እርስዎም።»

አቶ ጓንጉል ተነሥተው ከዳቦው ቆርሰው፣ ቆርሰው እንኳ አይባልም፣ ሰብረው ወደ አፋቸው ከተቱ። ለረጅም ጊዜ አኘኩ። «ቆርቆሮ ለለመደ ደኅና ነው» አሉ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሁሉም ተነሥቶ ሰበረ። እማዋይሽ ግን ለይቅርታው «እሺ» ብቻ አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይል ነበር። ይቅርታ ተጠየቀ፣ ሰው ሳቀ፣ በዓሉ አለፈ። የፈሰሰ ግን አይታፈስም፤ ልጅቷ አልጠየቀችም። ገና አለፈ፤ ጥምቀት አለፈ፤ ትምህርት ተከፈተ፤ እማዋይሽ ስትጠራ ትመልሳለች፣ ስትታዘዝ ትሄዳለች፣ ጎበዝ ልጅ ናት። የሺመቤት «የፈለግሽውን ጠይቂኝ እሺ?» አለቻት። «እሺ» አለች፤ አልጠየቀችም። ከረሜላ ሰጠቻት፤ አመስግና በላች። ዝም በል ማለት በአንድ ቃል ይፈጸማል፤ ጠይቅ ማለት ግን በትእዛዝ እንደማይሆን ያን ጊዜ ገባት።

ስለዚህ ትእዛዙን ትታ ራሷ ጀመረች። አንድ ቀን ጠዋት ልጆቹን ሰብስባ «ያ የገናው ጥጥ ለምን እንደሚለጠፍ አላውቅም ነበር» አለቻቸው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት፤ ቲቸር የማታውቀው ነገር አለ! «ጠየቅሁና ነገሩኝ። በፈረንጅ አገር በዚያ ወር ከሰማይ የሚወርደው በረዶ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ነው አሉ፤ ቅጠል ላይ ይቀመጣል። እነሱ ያዩትን አደረጉ፤ እኛ እነሱን አየንና አደረግን።» ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ የማታውቀውን አንድ ነገር ትነግራቸው ጀመር። ብዙ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ያሳፍራት ነበር፤ ኋላ ኋላ እሷም ሌሊቱን «ነገ ምን ይሆን የማላውቀው?» እያለች መጓጓት አመጣች። እማዋይሽ እየሰማች ዝም።

ጥር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ልጆች ሁሉ ሄደው አቶ ጓንጉል ዘገዩ። የሺመቤት ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የመጡትን ደብተሮች በካኪ ወረቀት እየሸፈነች ነው። እማዋይሽ አጠገቧ ቆማ ወረቀቱ እንዳይሸሽ በመዳፏ ይዛላታለች። አንድ ደብተር ሸፈኑ። ሁለተኛ ሸፈኑ። ሦስተኛው ላይ ልጅቷ ቀና አለች።

«ቲቸር?»

«ወይ።»

«አንቺንስ ልጅ ሆነሽ ማን ነው እንዳትጠይቂ ያለሽ?»

የሺመቤት መቀሷን አስቀመጠች። አንድ ወር ያህል የጠበቀችው ጥያቄ መጥቶላታል፤ እንዲህ ያለ ይሆናል ብላ ግን አልጠበቀችም። ማን እንደሆነ ታስታውሳለች። ቦታውን ታስታውሳለች፤ የወንበሩን መደገፊያ፣ የሰውየውን የተነሣ ጣት፣ ልጆቹ ሲስቁባት ሁሉ ታስታውሳለች። ነገር ግን ያን ቀን ምን ልትጠይቅ እንደነበር ብታስብ፣ ብታስብ፣ ጠፋት። ሰውየው ትዝ አላት፤ ጥያቄዋ የለም። እንባዋ ሳታስበው ካኪው ወረቀት ላይ ጠብ አለ።

«ምን ልጠይቅ እንደነበር ረሳሁት» አለች።

እማዋይሽ ትንሽ አሰበች። «ሳትጠይቂ በጣም ቆየሽ መሰለኝ» አለች። ከዚያም የአባቷን ድምፅ ከበሩ ሰምታ እየሮጠች ወጣች። የሺመቤት በመስኮት አየቻቸው፤ ልጅቷ ወደ አባቷ ቀና ብላ አፏ ይንቀሳቀሳል፤ አቶ ጓንጉልም ጆሯቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ወዳጆቼ፣ የታሪኩ ትምህርት የተሰወረ አይደለም። ልጅን ለነገ ስናዘጋጅ፣ ደብተር እንሸፍናለን፣ እርሳስ እንቀርጻለን፣ መቀመጥ እናስተምራለን፤ ሁሉም ደግ ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ልጁ ይዞት የመጣው እርሾ አለ፤ ጥያቄው ነው፤ እሱን አስወጥተን ያስገባነው ጨዋነት ሊጡን ብቻ ነው የሚያበዛው። ልጅን ዝም የሚያሰኘውም አብዛኛውን ጊዜ ክፋት አይደለም፤ አለማወቃችን እንዳይታይብን መፍራት ነው። «አላውቅም» ማለት ከሚያሳፍረን፣ ጠያቂው ቢጠፋ እንመርጣለን። እንዲህ እያልን ዝምታን ከወላጅ ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ እናወርሳለን፤ የወረሰውም ሰው ጊዜው ሲደርስ ሳያውቀው ያወርሳል።

እናንተስ? ዝም ያሰኛችሁን ሰው ሳታስታውሱት አትቀሩም። ያን ቀን ልትጠይቁት የነበረውን ግን ታስታውሱታላችሁ?